የግማሽ ቀን ወባ

የሺአረግ ባሏ በወባ መሞቱን የሰማችው መሞቱን ከመስማቷ በፊት ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ የባሏን ታላቅ ወንድም አቶ ወልደማርያምን የግቢው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ወባ ነው» አሏት።

«ምኑ?»

«ክፍሌ።»

ሞተ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሺአረግ ጮኸች፤ ጎረቤቱም ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነገሩ የሆነው በ1957 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ ጠባብ የመጋላ መንገድ ላይ ነው። ወባ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም። ብርቁ ፍጥነቱ ነው። ጎህ ሲቀድ ሻይ በዳቦ ሲበላ ትታው የሄደችው፣ ትኩሳት የሚባል ያልጎበኘው ሰው፣ እሷ አስቀድሳ እስክትመለስ በወባ አልቆ ጠበቃት።

እውነቱን የነገሯት ከቀብሩ በፊት ጓዳ አስገብተው ነው። አቶ ወልደማርያም ባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ክፍል ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ቃል ማባከን የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የመጀመሪያው ክፍሌ ነፍሱን በገዛ እጁ አጥፍቷል የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ይህን ቃል ከእንግዲህ አንቺም አትይውም፣ እኔም አልለውም» የሚል። ያገኙት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከአዳር ሥራ ሲወጡ ከወንድማቸው ጋር ሻይ መጠጣት ልማዳቸው ነው። እንደ ልማዳቸው መጥተው ቤት ውስጥ ሲያጡት፣ ከግቢው ጀርባ ጣውላውን በሚያስቀምጥባት ክፍል አገኙት።

ለምን እንደዋሹ ለማንም ግልጽ ነው። በገዛ እጁ የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይቀበርም። ክፍሌ የምድር ባቡር የፉርጎ አናጢ ነበር፤ ሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ የጎረቤት በር ሲያዘነብል ሳይጠሩት መጥቶ የሚያቃና። እንዲህ ያለው ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም አሉ ታላቅ ወንድሙ። የእድሩ ዳኛም እሳቸው ስለነበሩ፣ ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን ሲዞር «በወባ» እያለ ዞረ። የነፍስ አባቱ አባ ተክሌ መጥተው «በወባ ነው?» አሉ። «በወባ ነው» ተባሉ። «የዘንድሮው ወባ ክፉ ነው» አሉና ፍትሐቱን ጀመሩ። ክፍሌ በክብር ተቀበረ። እስከዚህ ድረስ ውሸቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የሚነቅፈው ሰው ካለ ወንድም ቀብሮ የማያውቅ ነው።

ችግሩ የጀመረው ልቅሶ ቤት ነው።

የልቅሶ ቤት ሥርዓት ይታወቃል። ለቀስተኛው ሲመጣ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ሐዘንተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረዋል። ሌላ ሲመጣ እንደገና ይነግራል፤ ከሐረር የመጣ ዘመድ ሲደርስ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንዲህ እየተባለ በሰባተኛው ቀን ነገሩ ከአፍ ወጥቶ ወጥቶ ይለዝባል፤ ሰውየውም ጥቂት እህል ይቀምሳል። ይህን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ስለ ሐኪም የሰሙ አይመስለኝም፤ ግን የሚሠሩትን ያውቁ ነበር።

የሺአረግ የምትናገረው ቃል ተሰጥቷታል። «ሐሙስ ጀመረው፣ እሑድ ሞተ። በቃ» ብለው አቶ ወልደማርያም አስጠንተዋታል። ሴቶች ግን ለቴሌግራም አይመጡም። «ብርድ ብርድ አለው?» ይላሉ። «አለው» ትላለች። «ታዲያ ምን አለበስሽው?» «ብርድ ልብስ።» «አንድ?» እዚህ ላይ አንድ ማለት ባሏን የጣለች ያስመስላታልና «ሁለት» አለች። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱ አራት ደረሰ። ኪኒን ዋጠ፣ ኪኒኑን አስመለሰው፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገችለት፣ ከማለዳ ጀምሮ ይቃዥ ነበር፣ የእናቱን ስም ጠራ። በመላው ሰፈር አራት ብርድ ልብስ ቢፈለግ አይገኝም። ድሬዳዋ ነው፤ ሰው አንሶላ እንኳ የሚለብሰው ለጨዋነት ነው። ግን ብርድ ልብሱ ከየት መጣ ያለ አንድም ለቀስተኛ አልነበረም። ግድግዳ የምትጋራት ቱሪያና ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሸዋገነት ሰባቱንም ቀን አጠገቧ ተቀምጠው፣ ታሪኩን በተነገረ ቁጥር እንደ አዲስ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልትናገረው የፈለገችው ሌላ ነበር። ክፍሌ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ዝም ካለ። ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ይቀመጣል። የጠየቁትን ይመልሳል፤ ያልጠየቁትን አይናገርም። ሌሊት ስትነቃ ዓይኑ ክፍት ነው። ሙቀቱ ነው ይላታል፤ ሙቀት በድሬዳዋ ለማንኛውም ነገር በቂ ምክንያት ስለሆነ አመነችው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አንዲት ነገር ነበረች። ያን እሑድ ነጠላዋን ስትከናነብ ከሻይ ብርጭቆው ላይ ቀና ብሎ «ዛሬ ቅዳሴው ይረዝማል?» አላት።

«የመስቀል ሰሞን አይደል፣ ይረዝማል» አለችውና ወጣች።

ይቺ ነገር ወባው ውስጥ ቦታ የላትም። አራት ብርድ ልብስ ስር ሆኖ የሚቃዥ ሰው የቅዳሴ ርዝመት አይጠይቅም። ስለዚህ ሦስት መቶ ለቀስተኛ መጥቶ ሲሄድ፣ «ይረዝማል አልኩት» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረች። «ያጥራል ብዬው ቢሆንስ?» ብላ የምትጠይቀው ሰው ፈለገች። አቶ ወልደማርያም ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አልለውም ብለዋል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው እያደር ከበደ። አርባው ካለፈ በኋላ የሺአረግ አንድ አስፈሪ ነገር ደረሰባት። ክፍሌን ላስታውስ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን፣ የሚመጣላት ጥርሱ የሚንቀጫቀጭ፣ ግንባሩ ላይ ጨርቅ ያለ ሰው ሆነ። ያን ሰው በሕይወቷ አይታው አታውቅም፤ ራሷ ናት የሠራችው። ሻይ የያዘው፣ ቀና ብሎ የጠየቃት ክፍሌ ግን በየቀኑ እየደበዘዘ ሄደ። ባሏ አንዴ ሞቶባታል፤ አሁን ደግሞ በገዛ አፏ ልታጠፋው ነው። ፈራች። ለማን ትናገር? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ታውቀዋለች፤ የሸሸጉት ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስር ነው፤ ብትናገር ከመቃብሩ የሚያወጡት መሰላት።

ኅዳር ተጋመሰ። አቶ ወልደማርያም ለወንድማቸው መሥሪያ ቤት የሞቱን ደብዳቤ ሲጽፉ፣ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ቀኑን ስለሚያውቅ ሐሙስን ትተው፣ እንደ ልማዳቸው አጭርና ግልጽ አድርገው «በድንገተኛ ወባ፣ በግማሽ ቀን» ብለው ነበር። ደብዳቤው ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲሄድ ሲሄድ፣ በመጨረሻ ወባ ለሚያጠፉት ሰዎች ደረሰ። እነዚያም ደነገጡ። በአሥር ቀን የሚገድል ወባ ያውቃሉ፤ በግማሽ ቀን የሚገድል ግን ከዚያች መንገድ በቀር የትም አልተሰማም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። ፓምፕ ያዘሉ ስድስት ሰዎችና ወረቀት የያዘ አንድ ወጣት ወረዱ። ወጣቱ ፋራህ ይባላል፤ የጀልዴሳ ልጅ ነው።

«ሐዬ፣ ዕቃ ሁሉ ይውጣ!» አለ። «አልጋ ይውጣ፣ ሣጥን ይውጣ፣ ምግብ ይከደን፣ ዶሮ ይታሰር። የመንገዱ ቤት በሙሉ ዲዲቲ ይረጫል። ሰው ሞቶበታል።»

የሺአረግ በሯ ላይ ቆማ አየች። መንገዱ በሙሉ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። ሸዋገነት እግሩ በቆርቆሮ የተደገፈ የብረት አልጋዋን ከባሏ ጋር እየጎተተች አወጣች፤ ባሏ ሲማረር «ዝም ብለህ ጎትት» አለችው። ቱሪያ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ግድግዳዋን የሞሉትን ሰፌዶችና ሳህኖች አንድ በአንድ አወረደች። እነዚያ ሳህኖች ሃያ ሁለት ዓመት ከቦታቸው ተነቃንቀው አያውቁም፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጭ ክብ ትተው ወረዱ። አንዱ ሳህን ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ቱሪያ ስባሪውን በእግሯ ጥግ አስያዘችውና ወደሚቀጥለው ሄደች። አንድም ሰው «ለምን?» አላለም። የሺአረግን በጣም የከነከናት ይህ ነበር፤ የድሬዳዋ ሰው ያለ ምክንያት እንኳን አልጋ፣ በርጩማም አያነሣም።

ፋራህ የኒም ዛፉ ጥላ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የሺአረግ ፊቱ ቆመች። ቱሪያና ሸዋገነት ሳይጠሩ መጥተው በግራና በቀኝ ቆሙ።

«መቼ ጀመረው?» አለ ፋራህ።

«ሐሙስ።»

ጻፈና ቆም አለ። ሌላ ወረቀት ገለጠ። «እዚህ ግን ሐሙስ ሥራ ገብቷል ይላል። ዓርብም ገብቷል። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርቷል።»

ይህን ጥያቄ ከሦስት መቶ ለቀስተኛ አንድም የሺአረግን አልጠየቃትም።

«እየተንቀጠቀጠ ነዋ የሚገባው!» አለች ሸዋገነት። «አንተ ክፍሌን አታውቀውም፤ ታታሪ ነበር።»

«እየተንቀጠቀጠ ምስማር ይመታል?»

«አንዳንዴ ይስታል።»

ፋራህ ቀና ብሎ አያት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሥራውን ግን ይወዳል። «እናቴ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም» አለ። «እንዲህ ያለ ወባ ካለ የመንገዱ ሰው በሙሉ ጣቱ ተወግቶ ደም ይሰጣል። ኪኒንም ይውጣል፤ መራራ ነው። ልጅም ሽማግሌም አይቀርም። ከሌለ ግን ንገሩኝ፣ ልሂድ።»

«አለ» አለች ሸዋገነትና ጣቷን ዘረጋች። «ውጋ።»

ፋራህ ወጋት፤ ደሟን መስታወት ላይ አደረገ። ከኋላዋ ሰው መሰለፍ ጀመረ። የሸዋገነት ባል ተሰለፈ፤ ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ተሰለፈ፤ በቀደም ከየሺአረግ ጋር በውኃ ተራ የተጣላችው ሴትዮ እንኳ ጣቷን ይዛ ተሰለፈች። ፋራህ ግን አሁንም ሐሙሷ አልተዋጠችለትም። «ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ ሰው አለ?» አለ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ቱሪያ። «ቅዳሜ ማታ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ወላሂ።»

የሺአረግ ዞር ብላ አየቻት። ቱሪያ ቀፊራ ገበያ ሎሚ ስትሸጥ ስንት ዘመኗ ነው፤ ገበያተኛው «ትናንት የተለቀመ ነው፣ ወላሂ በይ» ሲላት «ሎሚው ይኸው፣ ራስህ እየው» ትላለች እንጂ አትምልም። በእውነት እንኳ አትምልም፤ የአላህን ስም ለሎሚ አላወጣም ባይ ናት። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ክፍሌ አልጋ ላይ አልነበረም። ቱሪያ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሎሚ ሣጥኗን ይጠግን ነበር። ይህን ቱሪያ ታውቃለች፤ የሺአረግ ታውቃለች፤ ፋኖሱን የያዘችላቸው ሸዋገነትም ታውቃለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አስከሬኑን ከገነዙት ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር ለካ እሷ ብቻ ናት የሸሸገች የመሰላት። መንገዱን ቁልቁል አየችው። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ሕፃን የተኛበት ሰሌን፣ የታሰረው ዶሮ፣ የቱሪያ ሳህን ስባሪ፣ የተሰለፈው ጣት ሁሉ እሷ ለሠራችው ወባ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፈረች፤ ደግሞ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን እንዳልሆነች ተሰማት።

«ተወው» አለች ፋራህን። «አትውጋቸው። ወባ አይደለም። ክፍሌ ራሱን ነው ያጠፋው።»

የጮኸ ሰው የለም። የፓምፑ ድምፅ ብቻ ከሸዋገነት ቤት ውስጥ ፍስስ ይላል። ሸዋገነት የተወጋች ጣቷን አየት አደረገችና «ከመወጋቴ በፊት ብትይው ምን ነበረበት?» አለች።

ፋራህ ወረቀቱን አገላበጠ። «ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለኝም» አለ። ከዚያ ተነሣ፤ ቆቡን አወለቀ። «አላህ ይማረው። አንቺንም ያጽናሽ» አለና ወደ ቱሪያ ዞረ። «ያቺን ወላሂ ግን አላህ ይተውልሽ።»

«ከእሱ ጋር እንነጋገራለን» አለች ቱሪያ።

ዲዲቲው አንዴ ተበጥብጧል፤ የተበጠበጠ ዲዲቲ ደግሞ ተመልሶ መኪና ላይ አይጫንም። ስለዚህ ርጭቱ ቀጠለ። ግድግዳው እስኪደርቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይገባ ተነገረ። እንዲህ ሆኖ የመንገዱ ሴቶች ኒሙ ስር በየአልጋቸው ላይ ተቀመጡ። የሚሄዱበት የለም፤ የሚሠሩት የለም። ቱሪያ ከየሺአረግ አጠገብ ጠጋ ብላ እጇን ያዘችና፣ ለቀስተኛ እንደሚጠይቀው አድርጋ ጠየቀቻት።

«የሺ፣ ምን ሆኖ ነው?»

የሺአረግ ነገረቻቸው። ዓመት ሙሉ ዝም ማለቱን፣ ያልወለቀውን ጫማ፣ ሌሊት የተከፈተውን ዓይን ነገረቻቸው። ሙቀቱ ነው ሲላት ማመኗን ነገረቻቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ይረዝማል ወይ ብሎ እንደጠየቃት፣ ይረዝማል እንዳለችውም ነገረቻቸው። «ያጥራል ብለው፣ ምናልባት...» አለች።

ሸዋገነት ወደ ባሏ ጣቷን ቀሰረች። «ይኸውልሽ ይሄኛው» አለች። «በየሳምንቱ ቅዳሴው ይረዝማል ወይ ይለኛል። ይረዝማል ካልኩት ጠጅ ቤት ይገባል፤ ያጥራል ካልኩትም ይገባል። ባል ይህን ሲጠይቅ ምን አስቦ ነው ብላ የምትመረምር ሴት እኔ አላየሁም። የጠየቀሽን መለስሽለት፣ አለቀ።»

የሸዋገነት ባል መሬት መሬት አየ። የሺአረግ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ የልቅሶ ቤት ልቅሶ ሳይሆን፣ ከሆድ የሚወጣው፣ ፊት የሚያበላሸው ዓይነት። ቱሪያም አለቀሰች። ቅዳሜ ስለተጠገነው ሣጥኗ አለቀሰች፤ «ምስማር ሲመታ አፌን ከፍቼ ስለ ገበያ እለፈልፍ ነበር፤ አንተ ደህና ነህ ወይ አላልኩትም» አለች። ለካ እሷም ጉሮሮዋ ላይ የቀረች አጥንት አላት።

«ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አለች የሺአረግ ትንሽ ስትረጋጋ።

«አቦ፣ አንቺ አራት ብርድ ልብስ እያለበስሽው ማን ይግፈፈው?» አለች ቱሪያ።

አቶ ወልደማርያም የመጡት በስድስት ሰዓት፣ መሥሪያ ቤቱ ለሙቀቱ ሲዘጋ ነው። ከማዕዘኑ ታጥፈው ሲገቡ መንገዱ አልጋ በአልጋ ሆኖ፣ ሴቱ ሁሉ እያለቀሰ አገኙት። የእድር ዳኛ ናቸውና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

«ማነው የሞተው?»

«ክፍሌ» አለች ሸዋገነት።

«እሱማ...» አሉና የየሺአረግን ፊት አዩ። ገባቸው። ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ሠራሽ? አባ ተክሌ የሰሙ ለት መቃብሩ...»

«ሰምተዋል» አለች ሸዋገነት። «በሰባቱ ንስሐ ገብቼ ነገርኳቸው። ለውሸቴ ሃምሳ ስግደት ሰጡኝ። ስለ ክፍሌ ግን ‹አእምሮውም ይታመማል፣ የታመመ ሰው ደግሞ በሽተኛ ነው፤ የቀበርነውን ቀብረናል› አሉ። ለነገሩ ከእኔ በፊትም ያወቁ ነበር መሰለኝ፤ አልደነገጡም።»

አቶ ወልደማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት በር ከመጀመሪያውም ክፍት ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች የሺአረግ።

«እቆማለሁ።»

የሺአረግ አየቻቸው። ከሰውዬው ጋር ሁለት ወር አንድ ምሥጢር ተሸክማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠየቀቻቸው ነገር ነበር። ተናዳባቸው ስለነበረ ነው፤ ቃሉን አፏ ላይ የቆለፉት እሳቸው ናቸው። አሁን ቁጣው የት እንደገባ አላወቀችም። ጠቁረዋል፤ የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት» አለች። «ያን ለት እርስዎስ ምን ሆኑ?»

አቶ ወልደማርያም ባርኔጣውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። «ሁለት ሰዓት ተኩል ደረስኩ» አሉ። «ጠራሁት። አልመለሰም። አገኘሁት።» እዚህ ላይ ቴሌግራሙ አለቀ፤ ሰዉ በሙሉ አልቋል ብሎ አሰበ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«አንቺ እንዲያ ሆኖ እንዳታዪው ብዬ አስተኛሁት። ፊቱን አጠብኩት። የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፍኩለት፤ አንዷ ቁልፍ የለችም፣ ፈለግኳት፣ አጣኋት። ጨርሼ ስወጣ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ቅዳሴው አልወጣም። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይገባ በሩ ላይ ቆምኩ። እሑድ ነው፤ መንገዱ ሰው አያጣም። የሚያልፈው ሁሉ ‹ደህና አደርክ ወልደማርያም?› ይለኛል። ‹ደህና፣ እግዜር ይመስገን› እላለሁ። ወንድሜን ውስጥ አስተኝቼ ደህና እላለሁ። አሥራ ሰባት ሰው አለፈ። ለአሥራ ሰባቱም ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማቆም አልቻልኩም። ጣቢያም ስገባ ደህና፣ ቤትም ስገባ ደህና። ሚስቴም አታውቅም።»

ፋራህ ከወዲያ መጥቶ ግድግዳው እንደደረቀ፣ ዕቃ ማስገባት እንደሚቻል ተናገረ። አንድም ሰው አልተነሣም። ፋራህ ሁኔታውን አየና ወደ መኪናው ተመለሰ።

«ከአሥራ ሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ» አለች ቱሪያ። «ወደ ቀፊራ ስሄድ አልፌሃለሁ። ፊትህን እንኳ ሳላይ ነው ያለፍኩ። ይቅር በለኝ።» ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። «አሁን ልጠይቅህ። እንዴት ነህ ወልደማርያም?»

አቶ ወልደማርያም አፋቸውን ከፈቱ። የለመዱት ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መድረሱ ለሁሉም ታየ። ባርኔጣው ከእጃቸው ወደቀ፤ ያነሣላቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እሳቸውን ያይ ነበር።

«ደህና አይደለሁም» አሉ።

የሺአረግ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ተቀመጡ።